ሳምንቱን ሙሉ ለየብቻ፣ እሁድ ድግስ

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ከደብረ ብርሃን ነው።

«ልጄ እንደምን ሰነበትሽ። ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ የእኔ ዓይን ደክሟል። አገሬ መንዝ ነው፣ ሞላሌ አካባቢ። ባለቤቴ ካረፉ በኋላ ልጄ "ብቻሽን አትቀመጪም" ብሎ ደብረ ብርሃን አመጣኝ። ቤታቸው ጠባሴ ነው። ልጄ ፋብሪካ ይሠራል፤ ምራቴ ቢሮ ትውላለች። ሁለት ልጆች አሏቸው፣ ይህቺ የ13 ዓመቷና የ9 ዓመት ወንድሟ።

የሚያሳዝነኝ የእራት ነገር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚህ ቤት ማዕድ የሚባል የለም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ፓስታ ወይ ኢንዶሚ ይበላሉ፤ ከዚያ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ነው። ማታ እዚያው በየሳህናቸው ይቀርብላቸዋል፤ ግማሹን ይተዉታል። ለእኔ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሌ ድረስ በትሪ ይመጣልኛል፣ እንደ በሽተኛ። ልጄ ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል ይወጣል፤ ቤት የሚገባው 3 ሰዓት ነው። ብቻውን ይበላል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሌላ ቤት ይሆናል። ቅዳሜ ሽንኩርት ሲከተፍ ይውላል። እሁድ የልጄ ጓደኞችና ዘመዶች ቤቱን ይሞሉታል። ዶሮው፣ ቀይ ወጡ፣ አልጫው፣ ጥብሱ፣ ምን የሌለ አለ! የተረፈው ፍሪጅ ይገባል። ሰኞና ማክሰኞ ይበላል፣ ረቡዕ ጾም ነው፣ ሐሙስ ጠረኑ ተለውጦ ይደፋል። በእህል ሲቀለድ ማየት አልችልም።

ምራቴ ክፉ አይደለችም። ግን ቤት መያዝ አልሆነላትም። ልናገራት ወይስ ዝም ልበል? ሆድ ከአገር ይሰፋል ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ ቻልኩት። አንዳንዴ ወደ አገሬ ልመለስ እላለሁ።

አማት ነኝ፣ ከጠባሴ።»

ከደብዳቤው ግርጌ በትንንሽ ፊደል ሌላ ነገር ተጨምሯል፦ «አያቴ ያላለችው አለ። እማዬ ማታ ማታ ወጥ ቤት ቆማ ነው የምትበላው። ይሄን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እርስዎስ ብርዱን እንዴት ያዙት? መንዝ ያደጉ ሰው የጠባሴ ብርድ ብዙም አያስፈራዎትም መቼም።

ጸሐፊዎን አይቆጧት። ያቺ የጨመረቻት መስመር ባትኖር ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ምራትዎን ልናገራት ወይስ ዝም ልበል ነው ያሉት። ምራትዎን አይናገሯት። ዝምም አይበሉ። የሚናገሩት ለልጅዎ ነው፤ እንዴት እንደሆነ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ምራትዎ በአንድ ምሽት የምትሠራውን አብረን እንቁጠረው። ከቢሮ ትገባለች። ጫማዋን ሳታወልቅ የእርስዎን ትሪ ታዘጋጃለች። ቀጥላ ለልጆቹ ታቀርባለች። 3 ሰዓት ላይ ባሏ ሲመጣ ወጡን እንደገና ታሞቃለች፣ እንጀራ ታወጣለች፣ ውሃ ታቀርባለች። በመጨረሻ እሷ የተረፈውን ከድስቱ እየጠረገች ቆማ ትጎርሳለች። እማማ፣ ይቺ ሴት እራት ማቅረብ አላቃታትም። በየማታው አራት እራት ነው የምታቀርበው!

እርስዎ የሚመኙት አንድ ማዕድ ነው። እሱ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ሥራ ነው። ወጥ አንድ ጊዜ ይሞቃል፣ አንድ ትሪ ይታጠባል፣ በ2 ሰዓት ወጥ ቤቱ ይዘጋል። ስለዚህ ነገሩን ለምራትዎ ሲያነሱት እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ እረፍት ሊመጣላት ይገባል። «በእኛ ጊዜ እኮ አብረን ነበር የምንበላው» ብለው ከጀመሩ ግን የምትሰማው «አንቺ ቤት አልያዝሽም» የሚለውን ብቻ ነው።

ደግሞ ስለዚያ ስለ «በእኛ ጊዜ» አንድ ነገር ልበልና ይቆጡኝ። እርስዎም እኔም እናውቀዋለን። የገጠሩ እራት ሁልጊዜ ሁሉም አንድ ገበታ የከበቡበት አልነበረም። አባት ቀድሞ ይበላል፣ እንግዳ ካለ ከእንግዳው ጋር። ልጆች ቆመው ይጠብቃሉ። እናት መጨረሻ ላይ ነች። ምግቡም ቢሆን የገብስ እንጀራ በባቄላ ሽሮ፣ ሲጠፋም ቆሎ በጠላ ነው። ሥጋ የዓመት በዓልና የድግስ ነበር። ያ ኑሮ ፍቅር አልነበረበትም እያልኩ አይደለም። ግን ወጥ ቤት ቆሞ መብላት ምራትዎ ያመጣችው ጠባይ አይደለም። ከእናቶቻችን የወረሰችው ነው።

አሁን ወደ ሳምንቱ እንምጣ። ከተማው ሳምንትን ለሁለት ይከፍለዋል፣ የሥራ ቀንና የእረፍት ቀን ብሎ። በጾመኛ ቤት ግን ድስቱ ሌላ ቆጠራ አለው። ሰኞና ማክሰኞ ፍስክ፣ ረቡዕ ጾም፣ ሐሙስ ብቻውን ፍስክ፣ ዓርብ ጾም። የእሁድ ወጥ ሐሙስ የሚደፋው ለዚህ ነው። ድግሱ የሚሠራው ሰባት ቀን የሚበላ ይመስል ነው፤ የሚበላው ግን ሁለት ቀን ብቻ ነው። ምራትዎ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይመስለኝም። እንግዳ ይመጣል ከተባለች በኋላ አሳንሶ መሥራት ያስፈራታል እንጂ። «አማቷ ፊት አነሰባት» ቢባልስ?

እኔ የምመክርዎ ማዕዱን በረቡዕና በዓርብ እንዲጀምሩት ነው። በሁለቱ ቀን ብቻ። አምስቱንም ቀን ካሉ በሦስተኛው ሳምንት ይፈርሳል።

ለምን በጾም ቀን? አንደኛ፣ ምግቡ ቀላል ነው። ሽሮ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሁለተኛ፣ በጾም ቀን ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ይርበዋል፤ ፍሪጅ ከፍቶ ቁራጭ ሥጋ የሚለቃቅም የለም። ሦስተኛው ልጅዎን ይመለከታል። ረቡዕና ዓርብ ጥብስ ቤቱ ጭር ይላል። ቢራ በሚጠመቅበት ከተማ ሰው ማታ የት እንደሚያመሽ አልጠይቅም። ግን ያለ ጥብስ የሚመሽ ምሽት ያጥራል።

ሽሮውን እርስዎ ይያዙት። ይህን የምለው ምራትዎን ለማገዝ ብቻ ብዬ አይደለም። በትሪ የሚመጣልዎት እራት ለምን እንደሚያስከፋዎት ገብቶኛል። ዕድሜ ልክዎን ቤት ያስተዳደሩ ሰው ነዎት፤ እዚህ ቤት ግን እንግዳ ሆነዋል። እንዲያርፉ ብለው ነው፣ ክፋት የለበትም። ያለ ሥራ መቀመጥ ግን ለመንዝ ሴት እረፍት አይደለም። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ ምራትዎን ቀስ ብለው «ልጄ፣ ረቡዕና ዓርብ ሽሮውን ለእኔ ተዪልኝ፤ እጄ ሥራ ፈታ» ይበሏት። ወጥ ቤቱ የእሷ ነው፤ ይጠይቋት። ቅመሙ ያለበትን ቦታ አይቀይሩባት። ዘይቱ በዛ፣ በርበሬው አነሰ አይበሏት። የኤሌክትሪክ ምድጃው ካስቸገረዎት የልጅ ልጅዎ ታሳይዎታለች። መብራት የሚጠፋው ደግሞ ልክ በእራት ሰዓት ነውና ከሰል ከምድጃው ጋር ይዘጋጅ።

ስለ ሽሮ ለእርስዎ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ምራትዎ ቅዳሜ ሽንኩርት መክተፏ ካልቀረ፣ ቁሌቱን በዘይት ብቻ አብስላ ቅቤ ሳይገባበት ግማሹን ታስቀር። ለጾሙ ቀን ሽሮና ምስር ይሆናል። በፍስኩ ቀን ቅቤ ይጨመርበትና እንቁላልም ይሁን ሥጋ ይገባበታል። በአንድ ቀን ለቅሶ አምስት ቀን መብላት ማለት ነው፤ ሽንኩርት አይደል የሚያስለቅሰን። የጾሙ ዕቃ ከፍስኩ ጋር እንዳይነካካ መጀመሪያውኑ በየራሱ ክዳን ያለው ዕቃ ይለይ።

ሰዓቱ 1 ሰዓት ተኩል ይሁን። ለእርስዎ ትንሽ ይዘገያል፣ ለልጅዎ ትንሽ ይፈጥናል። ልጆቹ ግን እስከዚያ ሆዳቸው ባዶ ሆኖ አይጠብቁም። ከትምህርት ቤት ሲመጡ ሙሉ ሳህን ፓስታ ከበሉ ማታ ማን ይቀርባል? መቆያ የሚሆን እፍኝ ቆሎ፣ ወይ ንፍሮ፣ ወይ በሶ ይስጧቸው። ትልቋ ታጉረመርም ይሆናል፤ በሶ የገጠር ነው ትላለች። በማር ይሹላት።

ቴሌቪዥኑ ለግማሽ ሰዓት ይጠፋል። ስልክም እንዲሁ፣ የአባትየውም ጭምር። ከእራት በኋላ ቡና እንቅልፍ ይነሳልና ከአገርዎ የመጣ ጦስኝ ካለ ሻይ ያፍሉበት። እቃውን ደግሞ ልጆቹ ይጠቡ። ልጆቹ ስል ሁለቱንም ማለቴ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ብርጭቆ አለቅልቆ መደርደር ይችላል። በዚህ ላይ «ወንድ ልጅ ወጥ ቤት…» የሚል ነገር ካንደበትዎ እንዳይወጣ አደራ። ዛሬ እሱ ካልለመደ የነገ ሚስቱም ቆማ ትበላለች።

የእሁዱ ድግስ ለእኔ ትልቁ ራስ ምታት እሱ ነው። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነብ እንግዶቹ የማን እንደሆኑ አስተዋልኩ። የልጅዎ ጓደኞች፣ የልጅዎ ዘመዶች። የምራትዎ እናት ወይም እህት አንድም ቦታ አልተነሱም። እሷ በሳምንት ያሏትን ሁለት የእረፍት ቀናት ለሌላ ሰው እንግዳ ትሠራለች፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ቢሮ ትገባለች። እንዲህ ያለ ሰው ማክሰኞ ማታ ለልጆቹ ፓስታ ቢቀቅል ይፈረድበታል? ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ስንፍና የመሰለዎት ነገር የእሁድ ድካም ነው።

ከመንዝ ለሕክምና ወይም ለፍርድ ቤት ጉዳይ የመጣ ዘመድ ይለያል። እሱ ቀን አይመርጥም፤ መመለስም አይቻልም፣ አያምርምም። እሱን ያለው ነገር ይቀርብለታል፤ እንጀራና ሽሮ ካለ በቂ ነው፣ ጉርሻውን እርስዎ ይጨምሩበት። ለዝክርና ለማኅበር የሚጠራም ራሱን የቻለ ነው። በየሳምንቱ ተራ ያለው ይመስል የሚመጣው ጓደኛ ግን በወር አንድ እሁድ ይበቃዋል። በቀሩት እሁዶች ከቅዳሴ መልስ ያለው ምሳ ዋናው ገበታ ይሁን፤ አንድ ወጥ፣ ቢበዛ ሁለት። ማታ ዳቦ በሻይ ወይም ፍርፍር። እሁድ ማታ እንዲህ ከቀለለ ሰኞ ቀና ብሎ ይነሳል። የሚጋገረውንም ከቅዳሜ ማውጣት ይቻላል። በደብረ ብርሃን ብርድ ቡሆ ቶሎ አይነሳም። አብሲት የሚጣልበትን ሰዓት የሚያውቀው ቤት የሚውል ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ምጣዱ ላይ ይቁሙ አላልኩም። ጠብቀው «ዛሬ ደርሷል» ማለት ብቻ ነው።

የሚደፋውን በተመለከተ፦ የተረፈ ሥጋ ወጥ ከነትልቁ ድስት ፍሪጅ አይግባ። መሀሉ እስኪቀዘቅዝ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል፤ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። ለአንድ እራት በሚበቃ መጠን በትንንሽ ዕቃ ይከፋፈል። ሰኞና ማክሰኞ የሚበላው ታች ይቀመጥ፤ የሐሙሱ እሁዱኑ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ይግባ። ሲበላ የሚበላው ያህል ብቻ ወጥቶ እስኪፈላ ይሙቅ። ሙሉውን ድስት በየቀኑ እያወጡ ማሞቅና መመለስ ወጡን ይገድለዋል። «ሌሊቱ ራሱ ፍሪጅ ነው» ብሎ ድስት ደጅ ማሳደርም አለ በእናንተ ከተማ፤ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ድስቱ እንደተረሳ ከዋለ ግን ለውሻም አይሆን።

ጊዜው ደግሞ ረድቶዎታል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። እስከ ገና ከ40 ቀን በላይ ቅዳሜና እሁድም ዶሮ የለም፣ ጥብስ የለም። ድግሱ ማንም ሳይከለክለው በራሱ ይቆማል፤ ጓደኛም አይቀየምም። የእሁዱን ምሳ አሁን አሳንሰው ቢያስለምዱ ከገና በኋላ ወደ ድሮው መመለስ ራሱ ሥራ ይሆናል። ረቡዕና ዓርብም በጾሙ ውስጥ ከሌላው ቀን አይለዩም፤ እንግዲህ ማዕዱን ያኔ ወደ ሰኞም ወደ ሐሙስም ማስፋት ቀላል ነው።

ወደ አገሬ ልመለስ ላሉት፦ እህል ሲሰበሰብ ሄዶ ማየት፣ ጎረቤት ጠይቆ መምጣት ያባት ነው። አኩርፈው ግን አይሂዱ። አኩርፈው ከሄዱ ጥፋቱ የሚጣለው ምራትዎ ላይ ነው፤ መንደሩ ሁሉ «አማቷን አባረረች» ይላል። ይህን እርስዎም አይፈልጉትም፤ ክፉ አይደለችም ብለው የጻፉልኝ እኮ እርስዎ ነዎት።

የቀረው ልጅዎ ነው። ይህን ምራትዎ ልትናገረው አትችልም፤ ብትናገር ጭቅጭቅ ይሆናል። እናት ስትናገር ግን ሌላ ነው። ከጓደኞቹ ፊት አይሁን፣ ከሚስቱም ፊት አይሁን። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ መንገድ ላይ ይሻላል። ስለ ማምሸቱ፣ ስለ መጠጡ አያንሱበት። «ልጄ፣ አምጥተህ ብቻዬን ክፍል ውስጥ አስቀመጥከኝ። ረቡዕና ዓርብ 1 ሰዓት ተኩል አብረኸኝ ብላ» ይበሉት። ሌላ አይጨምሩ። ብቸኝነትሽን ላስቀርልሽ ብሎ ያመጣዎት ልጅ ለዚህ መልስ አያገኝም።

በመጀመሪያው ረቡዕ ላይመጣ ይችላል። ስብሰባ ነበረ፣ መኪና ጠፋ ይላል። እንዳይቀየሙት። በ1 ሰዓት ተኩል ትሪው ይቅረብ፣ እርስዎ ባርከው ይጀምሩ፣ ምራትዎን ከጎንዎ ያስቀምጧት። ለእሷ የመጀመሪያውን ጉርሻ እርስዎ ይስጧት። የልጅዎ ድርሻ ተከድኖ ወጥ ቤት ይቀመጥለት። 3 ሰዓት ሲመጣ ምራትዎ ልትነሳ ትፈልጋለች፤ «ቁጭ በይ» ይበሏት። ራሱ አሙቆ ይብላ። ምድጃው እንዴት እንደሚለኮስ የማያውቅ ከሆነ ልጁ ታሳየዋለች።